ለታንዚ የተገዙ ጥንቸሎች

ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1954
ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ አውስትራሊያ

ለተከበሩና ለምወድዎ አጎቴ ሳይላስ ቡፍተን፤

ይህ ደብዳቤ ጉልበትዎ ተሽሎት፣ ምድጃዎ ሞቆ፣ ውሻዎ ጂልም ከእግርዎ ሥር ተጋድማ ያግኝዎት። ዕድሜና ጤናውን አብዝቶ ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ክሌም ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን። ሙቀቱን ግን ለጠላትም አልመኝም፤ ትናንት ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ጥላ ሥር ሲያለከልኩ ነው የዋሉት።

ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ዙሪያ ጥምጥም እንደማይወዱ አውቃለሁ። የጂልን ልጅ እፈልጋለሁ። እንግዳ ብሆን አልጠይቅም ነበር፤ የወንድምዎ ልጅ ነኝና ነውር አይሆንም ብዬ ነው። እዚህ ያለው ውሻ ሁሉ የበግ ውሻ ነው። ከወንዙ ዳር ካለው ሸምበቆ ውስጥ ዳክዬ አስነስቶ፣ የወደቀውን ላባ ሳያጎድል በእጅ የሚሰጥ የስፓኒኤል ዘር አዳኝ ውሻ በዓይኔ ካየሁ ሰባት ዓመቴ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ክሌም የሚሮጥ ነገር የሚያባርር ውሻ አይወድም። ዛሬ ጥንቸል ያባረረ ነገ በግ ያባርራል ብሎ ባለፈው ዓመት የጎረቤታችንን ውሻ በጥይት ጥሎታል። ስለዚህ ጥንቸል አፍንጫዋ ሥር ቢፈተለክ እንኳ ቁጭ የምትል፣ የተገራች ትሁንልኝ። በጁን መጨረሻ ከሊቨርፑል የሚሳፈሩ የጎረቤታችን ቤተሰቦች አሉ፤ ከመርከቡ ሥጋ ቆራጭ ጋር ተነጋግረው ያመጡልኛል። መርከብ ላይ ውሾችን የሚያበላው እሱ ነው አሉ።

እዚህ ጥንቸል ራሱ እየጠፋ ነው። ከመንግሥት የመጡ ሰዎችና ክሌም፣ ሣሩን ይጨርሱብናል ብለው፣ ጥንቸል ብቻ የሚገድል በሽታ በመርፌ እየሰጡ ለቀቋቸው። ዓይናቸው አብጦ ይታወራሉ፣ በሁለት ሳምንት ያልቃሉ። ዘንድሮ ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ክሌም ደስታውን አልቻለውም። ለእናንተ ግን አያሰጋም፤ መሃላችን ባሕር አለ።

የሚያከብርዎት፣ ሄስተር


ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1954
ከወንዙ ማዶ፣ ከአሮጌው ቤት፣ እንግሊዝ

ለወንድሜ ልጅ ለሄስተር፤

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ። ጉልበቴ አልተሻለውም፣ ምድጃውም ያጨሳል፣ ጂል ግን እንዳልሽው እግሬ ሥር ናት። ጥርሷ ስላለቀ ዳቦዋን በሾርባ እያራስኩ ነው የማበላት።

ሰባት ዓመት ስለ ዝናብ ስትጽፊልኝ ኖረሽ ዛሬ ውሻ አማረሽ። ይሁን። ቀልዴን ነው አትቀየሚ፤ ደግሞም ሙሉ ለሙሉ ቀልዴን አይደለም።

ጂል በመጨረሻው ወሊዷ አምስት ወልዳ አራቱ ሞተውባታል። የቀረችው አንዲት ናት፣ ታንዚ እላታለሁ፣ አሥራ አንድ ወሯ ነው። የአባቴ ውሾች ዘር ማለት እንግዲህ እሷ ናት። እኔ ስልሳ ስምንት ሆነኛል፣ ኮረብታውን በሁለት ዱላ ነው የምወጣው፣ እዚህ የቀረው ወጣት ደግሞ ሞተር ሳይክል እንጂ ውሻ አይፈልግም። አንቺ ዘንድ ካልሄደች እኔ ጋ ታልቃለች። ስለዚህ ትመጣልሻለች። ገርቻት ግን ነው፤ ያልተገራ ውሻ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

መኖዋን ከአሁኑ ጻፊው። የበግ ጨጓራ፣ ታጥቦ ተቀቅሎ፤ ምድጃ ውስጥ የደረቀ ዳቦ፤ በሳምንት አንዴ የጥንቸል ጭንቅላት። በቀን አንዴ፣ ማታ። ሥራ በምትውልበት ቀን ጠዋት ምንም፤ የጠገበ ውሻ አፍንጫው ይተኛል። ሳህኗ አፈ ጠባብና ጥልቅ ይሁን፣ አለዚያ ጆሮዋን ከወጡ ጋር ትነክረዋለች። ስታበያት ድስት አንኳኪባት፤ ድምፅን ከምግብ ጋር ከለመደች ጠመንጃ አያስደነግጣትም።

«ሃፕ!» ስትባል ትቀመጣለች። ወፍ ሲነሳ ትቀመጣለች። አፏ ለስላሳ ነው፤ እንቁላል አቀብያት አምጥታልኛለች። የቀራት ጥንቸሉ ነው። ከቤቴ ጀርባ ያለችውን በሽቦ የታጠረች ጓሮ ታስታውሻለሽ? ውሻ ትልመድ ብዬ ጥንቸል የማኖርባትን? ልጅ ሆነሽ ጥንቸሉ ሲፈተለክ አብረሽ ስለሮጥሽ በጆሮሽ የጎተትኩሽ እዚያ ነው። ሌት አውሬ ገብቶ ስድስቱን ጥንቸሎች ፈጅቶብኛል። እስክተካቸው ድረስ ታገሺ።

አጎትሽ ሳይላስ


አፕሪል 2 ቀን 1954

ለምወድዎ አጎቴ፤

የሰማይ አባት ጉልበትዎን ይጠግንልኝ። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። ስለ ጆሮዬ ያሉትን ሳነብ አሁንም አሳከከኝ።

አሁን የምነግርዎ ደስ አይልዎትም። ቤተሰቦቹ የሚሳፈሩበት መርከብ ተቀይሮ ሜይ 29 ሆኗል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት የማውቀው ሰው አይመጣም። እባክዎ አጎቴ፣ ፈጠን ይበሉልኝ። ለሌላ ዓመት ከተባለ ክሌም ሐሳቡን ይለውጣል። አራትና አምስት ጥንቸል ከየትም አይጠፋም፤ ጓደኛዎ ኢኖክ ጊቲንስ ጥንቸል በማጥመድ አይደል እንዴ የሚኖረው? አንድ ቀን መረቡን ቢጥል አይበቃም?

እየጠበቅኩ ነው፣ ሄስተር


ሜይ 2 ቀን 1954

ለሄስተር፤

ደህና ነሽ? ደህና ሁኚ። እኔ በሩጫ ላይ ነኝ፤ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ሯጭ አደረግሽኝ።

ኢኖክ ጋ ሄጄ ነበር። ሽቦ ሲጠግን አገኘሁት።

«አራት ብቻ፣ በሕይወት ያሉ» አልኩት።

«ሳይላስ፣ አሁን ወሩ ምንድነው?»

«አፕሪል።»

«ታዲያ ጤና የለህም? እናቶቹ እኮ እያጠቡ ነው።»

«ለሄስተር ነው፣ ለወንድሜ ልጅ።»

«ለንግሥቲቱም ቢሆን ከኦገስት በፊት መረቤ አይወርድም። ይህን ለአርባ ዓመት ታውቃለህ፤ ባታውቅ ኖሮ እንግዳ ነህ ብዬ ሻይ አፈላልህ ነበር» ብሎ ሳቀብኝና ወደ ሽቦው ተመለሰ።

እውነቱን ነው። በጥጋቡ አይደለም፤ የምታጠባዋን ከያዘ ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ይሞታሉ፣ ክረምት የሚሸጠው ያጣል። እኔ ግን ተናደድኩ። ከሸለቆው በጥንቸል የሚኖር እሱ ብቻ ነው፣ የሸለቆው ጥንቸል ሁሉ የሱ ይመስለዋል ብዬ አጉረመረምኩ።

በገበያው ቀን አንድ ከደቡብ የመጣ ሰው ዶሮና ጥንቸል በሳጥን አድርጎ ከጭነት መኪና ላይ ሲሸጥ አገኘሁ። አራት ገዛሁና ጓሮው ውስጥ ለቀቅኳቸው። ለኢኖክ አልነገርኩትም፤ ከማን ፈቃድ እጠይቃለሁ?

ታንዚን ብታያት! መጀመሪያ ቀን ተንቀጠቀጠች፣ ጡንቻዋ ሁሉ ሩጪ ሩጪ ይላታል፤ ግን ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ጥንቸሉ በፊት እግሮቿ መሃል ሲያልፍ ሽቅብ አየችኝ እንጂ ንቅንቅ አላለችም። አርባ ዓመት ስገራ እንዲህ ያለች አላየሁም። የሚያውቅ ሰው አጠገቤ አለመኖሩ ቆጨኝ።

ከአራቱ አንዷ ትንሽ ፈዘዝ ብላለች። መንገዱ አድክሟት ይሆናል።

በሃያ ሰባት ሊቨርፑል አደርሳታለሁ።

አጎትሽ


ጁላይ 11 ቀን 1954

ለአጎቴ ለሳይላስ ቡፍተን፤

ለጤናዎ እንዴት ነዎት? እኔ ደህና ነኝ፤ ለመናገር ያህል።

ቤተሰቦቹ ገብተዋል። ሊቨርፑል ወደቡ ላይ እስከ መጨረሻው ደወል ቆመው ጠበቁ፣ የመርከቡ ሥጋ ቆራጭ አጥንት አስቀምጦላት ነበር። ሰውም ውሻም አልመጣም። መልእክት እንኳ የለም። እኔ እዚህ አፈ ጠባብ ሳህን አሠርቼ፣ መኝታዋን ከበረንዳው ሥር አንጥፌ ነበር የምጠብቃት። ክሌም ሳህኑን አይቶ «ለማን ነው፣ ለሽመላ?» ብሎ ሲሳለቅብኝ ሰነበተ።

ታመሙ እንዳልል ሌላ ሰው ይጽፍልኝ ነበር። ታንዚ ሞተች እንዳልል ይህን አይደብቁኝም። ምን በደልኩ? ያቻኮልኩዎ ከሆነ ይሳደቡና ይውጣልዎት። ዝም ሲሉኝ ግን የልጅነቴ ጥፋት ሁሉ ይመጣብኛል።

የእንግሊዝ ጥንቸሎችም እያለቁ ነው ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። እናንተ ዘንድም ደርሷል?

ሄስተር


ኦክቶበር 24 ቀን 1954

ለሄስተር፤

በሕይወት አለሁ። ታንዚም አለች። ለመጻፍ እጄ እንቢ ብሎኝ ነው።

ጠየቅሽኝ፤ አዎ፣ ደርሷል። ከጁን ጀምሮ ይኸው ነው። በጠራራ ፀሐይ መንገድ መሃል ይቀመጣሉ። ጭንቅላታቸው እንደ ድንች አብጦ፣ ዓይናቸው ተጣብቆ፣ ሰው ሲመጣ አይሰሙም። ሸለቆው ይሸታል። ልብስ ከገመድ ላይ ስናወርድ ሽታው አብሮ ይገባል። ቅዳሜ ዱላዬን ይዤ ወጥቼ ሰማንያ ድረስ ቆጠርኩና ተውኩት፤ መግደሉን አይደለም የተውኩት፣ መቁጠሩን።

የታንዚን ልንገርሽ። ለስላሳ አፍ ብዬሽ ነበር። በየቀኑ ዕውሩን ጥንቸል በሕይወቱ፣ ሳትነክስ፣ ልክ እንዳስተማርኳት ታመጣና እጄ ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ምስጋና ትጠብቃለች። እኔ ጀርባዬን አዙሬ አንገቱን እሰብራለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የማይሮጥ ጥንቸል ሲበዛባት ማስነሳቱን ረሳች። አሁን ወፍም ይሁን ምን፣ የተቀመጠውን ሁሉ ሳታስነሳ ባለበት ሄዳ ዘፍ ብላ ትይዘዋለች። ለስፓኒኤል ከዚህ የከፋ ጥፋት የለም፤ አንዴ ከለመደች ደግሞ አይለቃትም። የተፈራው ጥንቸል እንዳታባርር ነበር። እንኳን ልታባርር የሚሮጥ ቢያጋጥማት ግራ ይገባታል።

ኢኖክ ሥራ አጥቷል። አንድ ቀን ኦገስት ላይ መጠጥ ቤቱ ተቀምጠን ሳለ ሚስተር ፕሮበርት ገባ። ያ ከላይ ያለው ትልቅ እርሻ የሱ ነው፤ የኢኖክም ቤት የሱ ነው።

«በሽታውን ማንም ያምጣው ማን፣ እጁ ይባረክ!» አለ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ። «ስንዴዬ ዘንድሮ ከነአናቱ ገባ።»

ኢኖክ ተነሳ። «አንተ ነህ ያመጣኸው?»

ፕሮበርት ሰው ሲያየው ደስ ይለዋል። «ብሆንስ?» አለው።

ኢኖክ በር ላይ የቆመውን አካፋ አንስቶ በእጀታው ትከሻውን መታው፣ አጥንቱ ተሰበረ። ሁለት ወር ፈረዱበት። ቤቱንም አስለቀቁት። ሚስቱ ዕቃቸውን ጭና በርሚንግሃም እህቷ ዘንድ ሄደች።

በሽታውን ማን እንዳመጣው አምላክ ነው የሚያውቀው።

ውሻዋን አትጠብቂ። ለሥራ አትሆንም።

ሳይላስ


ጃንዋሪ 9 ቀን 1955

ለአጎቴ፤

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልዎ። ስለ ኢኖክ ሳነብ አለቀስኩ። ልጅ ሆኜ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ሲቀር በጀርባው አዝሎ ቤት ያደረሰኝ ሰው ነው።

አጎቴ፣ አሁን የምጽፈውን ሦስቴ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። የሜይ ደብዳቤዎን ከመሳቢያ አወጣሁት። ከጭነት መኪና ላይ አራት ጥንቸል ገዛሁ፣ አንዷ ፈዛለች ይላል። በኦክቶበሩ ደብዳቤ ስለ ሰማንያው ጽፈዋል፣ ስለ ፕሮበርት ስንዴ ጽፈዋል፤ ስለ አራቱ አንድ ቃል የለም። እኔ በሽታውን አውቀዋለሁ፤ ባለቤቴ በእጁ ያሰራጨው ነው። ሲጀምር ፈዘዝ ነው የሚያደርጋቸው።

እርስዎ ነዎት?

ከሆነ ደግሞ እኔም አለሁበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት እርስዎ ቤት ነው፣ የለቀመው ኢኖክ ነው።

አንድ ያልነገርኩዎ አለ። ክሌም ውሻ እሺ ብሎኝ አያውቅም። ለመጠየቅም አልጠየቅኩት። ከመጣች በኋላ አይገድላትም፣ የተገራች ከሆነች ሰበብ አያገኝም ብዬ ነበር። ዳክዬውም ሰበብ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ የለም፤ እርስዎ ያስተማሩኝን ፉጨት የሚያውቅ አንድ ነገር ፈልጌ ነው። ለዚህ ብዬ ነው ያሯሯጥኩዎ።

ለኢኖክ ይንገሩት። እባክዎ።

ሄስተር


ኖቬምበር 27 ቀን 1955

ለሄስተር፤

አሥር ወር ሙሉ መልስ ስላልጻፍኩልሽ ሰላምታ የማቀርብበት ፊት የለኝም። ቢሆንም ጤና ይስጥሽ፣ ከዚያ ሰውዬ ጋርም ትዕግሥት ይስጥሽ።

አዎ፣ እኔ ነኝ።

ሁለቱ ጥንቸሎች ጓሮው ውስጥ ሞቱ። የሻገተ ጎመን በልተው ነው ብዬ ሳማው ሥር ቀበርኳቸው። የቀሩትን ሁለቱን፣ ነጻ ሣር ቢግጡ ይድናሉ ብዬ የሽቦውን በር ከፈትኩላቸው። ያውም አዝኜላቸው። በሸለቆው ሁሉ ያለቀው ጥንቸል በዚያች በር ነው የወጣው። ያንቺ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ሁሉንም ጽፈሽልኛል፤ ዓይኑ ያብጣል ብለሽኛል። እኔ ግን ባሕር አለ ያልሽውን ብቻ ነው ያስታወስኩት።

ጓሮው ባዶ ስለቀረ የታንዚ ሥልጠና ተቋረጠ፤ ሊቨርፑል ያላደረስኳት ለዚህ ነው። በሽታው ከእኔ እንደወጣ የገባኝ በጁን ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ከዚያ ኢኖክ ፕሮበርትን መታ። ያን ማታ ብናገር አንድ ብርጭቆ በአናቴ ላይ ይሰበር ነበር፣ በዚያው ያልቅ ነበር። ፍርድ ቤት ብናገር ቢያንስ ዳኛው ለምን እንደተናደደ ይገባው ነበር። አልሄድኩም። ጉልበቴ አመመኝ አልኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ ለራሴ ነው ያልኩት።

ያንቺን የጃንዋሪ ደብዳቤ ሳነብ ተናደድኩብሽ። እንዳላቃጥለው ፈርቼ ጂል የምትተኛበት ጨርቅ ሥር ከተትኩት። ጂል በኦገስት ሞተች። ጨርቁን ሳነሳ እንደገና አነበብኩት።

መጀመሪያ መጠጥ ቤቱ ሄድኩ፣ ባለፈው ወር። ፕሮበርትም ነበረ፣ የእርሻ ባለቤቶቹ ሁሉ ነበሩ። ቆሜ ተናገርኩ። «በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ፕሮበርት አይደለም። ከገበያ በገዛኋቸው ጥንቸሎች ነው» አልኩ። ይሰድቡኛል፣ ምናልባት ይተፉብኛል ብዬ ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ነበር። ከዚያ ፕሮበርት ሳቀ።

«ሳይላስ ቡፍተን! ሃምሳ ዓመት ለማንም ያልጠቀምክ ሰው፣ አንተ ነህ እንዴ? ለዚህ ሰው ቅዱለት!»

ሁሉም ቀዱልኝ። ስድስት ብርጭቆ ፊቴ ተደረደረ። አንዱ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። የተሰበረ ትከሻውን እያሳየ «ኢኖክ የመታኝ እንግዲህ ባንተ ሰበብ ነው፣ ይቅር ብዬሃለሁ!» አለኝ ፕሮበርት። ሳልቀምስ ወጣሁ፤ እስከ በሩ ድረስ ስሜን እየጠሩ ያጨበጭቡ ነበር። ሄስተር፣ ቢያዋርዱኝ እችለው ነበር።

ከዚያ ታንዚን ይዤ በርሚንግሃም ሄድኩ። ኢኖክ የብስክሌት ሰንሰለት የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ጠራጊ ሆኗል። ሁለት ክፍል ቤት፣ ከፊቱ መንገድ፣ ከኋላው ግንብ። በሩን ከፍቶ አየኝ። ግባ አላለኝም፣ ሂድም አላለኝም። በሩ ላይ ቆሜ ነገርኩት፤ ስለ ጭነት መኪናው፣ ስለ አራቱ፣ ስለ በሩ። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ሌላስ?» አለኝ።

«ሌላ የለም። ይኸው ነው።»

«ይኼንንማ ከሜይ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«እንዴት?» አልኩት።

«ሜይ ላይ እንደገና ገበያ በወጣህበት ቀን መሰላልህን ልዋስ መጥቼ ነበር» አለኝ። «ጓሮህ ውስጥ ከኛ ወገን ያልሆኑ ጥንቸሎች አየሁ። አንዷ ዓይኗ አብጦ ነበር። ይህን ለሳይላስ መንገር የለብኝም፣ ዓይን አለው፣ እሱ ራሱ መጥቶ ይነግረኛል፣ አብረን እንቀብራቸዋለን፣ አብረን ጉድጓዶቹን እንዘጋለን ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩህ። መጠጥ ቤቱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠህ ፕሮበርትን ‹አንተ ነህ?› ያልኩት አንተ እንድትሰማ ነው። አልተናገርክም፤ ያን ጊዜ ነው አካፋውን ያነሳሁት። ፕሮበርት ላይ ያረፈው ቅርብ ስለነበረ ነው።»

«ፍርድ ቤትስ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«አንተ ትገባለህ ብዬ በሩን እያየሁ ነበር» አለኝ። «እስከ መጨረሻው።»

የታንዚን ገመድ ዘረጋሁለት። አንዴ እጁን አናቷ ላይ አደረገ፣ ጆሮዋን ዳበሳት፣ ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ። «ውሻዋ ምንም አላጠፋችም፣ እዚህ አምጥተህ አትቅጣት» አለና በሩን ዘጋ። በዝግታ ነው የዘጋው።

ይኸው ቤት ነን፣ እኔና እሷ። አትወልድም፣ የአባቴ ውሾች ዘር በእሷ ያበቃል። የተበላሸችም ብትሆን ላኩልኝ ትይኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልክልሽም። እዚያ ሄዳ የተቀመጠ ጠቦት ላይ ዘፍ ትልና ሰውዬሽ ሰበቡን ያገኛል።

ዓመት ከመንፈቅ አንቺን ስከስ ኖሬያለሁ። እሷ አቻኮለችኝ፣ እሷ ባታቻኩለኝ ኖሮ ኦገስትን እጠብቅ ነበር፣ ኢኖክ መረቡን ይጥልልኝ ነበር እያልኩ። ይህን ያህል ርቀሽ መኖርሽ ለመክሰስ ይመች ነበር። ኢኖክ የፍርድ ቤቱን በር ያይ እንደነበር ከነገረኝ ወዲህ ግን አልቻልኩም፤ ያን በር ገፍቼ እንዳልገባ ያቻኮለኝም የከለከለኝም አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከአልጋዬ ስነሳ ጉልበቴን እያሸሁ አሁንም ትንሽ እከስሻለሁ። እስከ ቁርስ ድረስ ነው፤ ከዚያ ይተወኛል።

አጎትሽ፣ ሳይላስ ቡፍተን